ሃምሳ ሚሊሜትር ሌንሶችን በብዥታቸው ማወዳደር፦ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚሠራ ሙከራ

ደንበኞቼ ሊነሱ ሲመጡ ደጋግመው የሚሉኝ አንድ ነገር አለ፦ «ኋላው ይጥፋልን»። ሙሽሮቹ ፍቅር ሐይቅ ዳር ይቆማሉ፤ ከኋላቸው ጀልባ፣ የሾላ ዛፍ፣ ቆሎ ሻጭ፣ ባጃጅ፣ አንድ ሁለት አባ ኮዳ አለ። ይህ ሁሉ እንዲጠፋላቸው ይፈልጋሉ። ማጥፋቱስ ቀላል ነው፤ ቀዳዳው እስከ ኤፍ 1.8 የሚከፈት ማንኛውም ሃምሳ ሚሊሜትር ሌንስ ያጠፋዋል (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)። ሌንስን ከሌንስ የሚለየው አጠፋፉ ነው። አንዱ ዛፉን እንደ ቅቤ አቅልጦ አረንጓዴ ደመና ያደርገዋል፤ ሌላው እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ሁለት ሁለት አድርጎ የተወሳሰበ ሽቦ ያስመስለዋል። ሁለቱም «አጥፍተዋል»፤ በሁለተኛው ፎቶ ላይ ግን ዓይን ከሙሽራዋ ፊት ይልቅ ሽቦው ላይ ይቀራል።

ፎቶ አንሺዎች ይህን የብዥታ ጠባይ «ቦኬ» ይሉታል። ቃሉ ጃፓንኛ ነው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የፎቶግራፍ መጽሔት ስለ ጉዳዩ ጽሑፎች ካወጣ በኋላ በሌላው ዓለም ተለመደ። ብዙ ሰው ቦኬን የብዥታ ብዛት ያስመስለዋል። ብዛትና ጠባይ ግን ለየቅል ናቸው፤ ከዚህ በታች የምገልጸው ሙከራ በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

እኔ ልዩነቱን የተማርኩት ገንዘቤን ከፍዬ ነው። ኤፍ 1.8 ሌንሴን ሸጬ፣ ከሰው ተበድሬ ጨምሬበት ኤፍ 1.4 ገዛሁ። ያነሳሳኝ የአንድ ጓደኛዬ ፎቶ ነበር። የእሱ ፎቶ አመሻሽ ላይ የተነሳ ነው፤ ሰውየው ለካሜራው ቅርብ፣ ከኋላው ያለው ዛፍ ደግሞ ሃምሳ ሜትር የራቀ። የእኔ በቀትር ፀሐይ የተነሳ፣ ሙሽራዋ አጥሩን ተደግፋ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ የሌንስ ልዩነት ነው ብዬ ፈረድኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። አዲሱን ሌንስ ይዤ እዚያው አጥር ሥር ስቆም ያገኘሁት ብዥታ ከቀድሞው ብዙም የተለየ አልነበረም። የተለየው የሙሽራው አንድ ዓይን ከፎከስ መውጣቱ ነበር።

የሚከተለው ያኔ ሳልገዛ በፊት ልሠራው ይገባኝ የነበረው ሙከራ ነው። አንድ አመሻሽና አንድ ምሽት ይበቃዋል።

መጀመሪያ ሂሳቡ

ሌንስ ከመዋስዎ በፊት እስክሪብቶ ይያዙ። የሌንሱን የትኩረት ርዝመት በኤፍ ቁጥሩ ያካፍሉ። 50 ለ1.8 ሲካፈል 28 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 50 ለ1.4 ሲካፈል 36 ገደማ ይመጣል። ይህ ቁጥር ከሌንሱ ፊት ለፊት ሆነው ወደ ውስጥ ሲመለከቱ የሚታየው የቀዳዳው ስፋት ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ባለ 18-55 ሌንስ፣ 55 ላይ በኤፍ 5.6 ሲሠራ፣ ያለው ስፋት 10 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። የዚያ ሌንስ ኋላ የማይጠፋው ለዚህ ነው።

አሁን ይህ ቁጥር ምን እንደሚሠራ ይመልከቱ። በጣም ሩቅ ያለ አንድ አምፖል ፎቶው ላይ ክብ ሆኖ ይታያል። ያ ክብ ፎከስ ባደረጉበት ሰው አጠገብ ቢለካ ስፋቱ ልክ ከቀዳዳው ስፋት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በኤፍ 1.8 ሩቁ አምፖል በሙሽራዋ ጉንጭ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ክብ ይሆናል። ሰውየው በቀረበ ቁጥር ፊቱ ፍሬሙን ስለሚሞላ ሳንቲሙም አብሮ ይተልቃል።

ኋላው ቅርብ ከሆነ ደግሞ ክቡ ያንሳል። ምን ያህል እንደሚያንስ ለማወቅ፣ በሰውየውና በኋላው መካከል ያለውን ርቀት ከካሜራው እስከ ኋላው ላለው ጠቅላላ ርቀት ያካፍሉና በቀዳዳው ስፋት ያባዙ። ሰውየው ከካሜራው 2 ሜትር፣ ግድግዳው 4 ሜትር ቢሆን፣ ግማሽ ነው፤ በኤፍ 1.8 ክቡ 14 ሚሊሜትር ይሆናል። ኤፍ 1.4 ቢገዙ ወደ 18 ያድጋል። ሌንስ ሳይቀይሩ ሰውየውንም ካሜራውንም ከግድግዳው አርቀው ኋላው ከካሜራው 10 ሜትር ላይ ቢውል ግን 22 ይደርሳል። ስድስት ሜትር መራመድ ከአዲሱ ሌንስ የበለጠ ብዥታ ሰጠ፤ ያውም በነፃ። የእኔ አጥር ሥር ታሪክ በሙሉ በዚህ አንድ መስመር ሂሳብ ውስጥ አለ።

ስለዚህ የሚፈልጉት ብዛት ብቻ ከሆነ እዚህ ላይ ያቁሙ፤ ገንዘብዎን አያውጡ። ጠባዩን ለማወቅ ከፈለጉ ግን ሂሳብ አይበቃም፤ ሁለት ሌንሶች አንድ ዓይነት ቁጥር ኖሯቸው ፍጹም የተለያየ ብዥታ ሊሠሩ ይችላሉ።

የሚወዳደሩትን መሰብሰብ

ሃምሳ ሚሊሜትር «መደበኛ» የሚባለው ለሙሉ ፍሬም ካሜራ ነው፤ የዚያ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ) ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 43 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ሌንሱ ከዚያ ይቀራረባል። ብዙዎቻችን የያዝነው ግን አነስተኛ ሴንሰር ያለው ካሜራ ነው። በዚያ ላይ ሃምሳው በካኖን እንደ 80፣ በኒኮን እንደ 75 ሆኖ ይጠብባል። ለፊት ፎቶ ይመቻል፤ በጠባብ ሳሎን ውስጥ ቤተሰብ ለማንሳት ግን ጀርባዎ ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ማለት ይጠበቅብዎታል።

ከጓደኛ፣ ከፎቶ ቤት፣ ከአጎት ሳጥን ያገኙትን ይሰብስቡ። ብዙ ጊዜ እጅ የሚገቡት እነዚህ ናቸው።

የካኖን ኤፍ 1.8 ሁለት ዓይነት ነው። አሮጌው፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ ፕላስቲክ፣ ቀዳዳውን የሚያጠብቡ አምስት ምላጮች አሉት። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ኤስቲኤም የሚባለው፣ ሰባት ጠርዛቸው የተጠጋጋ ምላጮች አሉት። የሁለቱ መስታወት አደራደር በመሠረቱ አንድ ነው። ይህን ልብ ይበሉ፦ ቀዳዳው እስከ መጨረሻ ሲከፈት ምላጮቹ ስለሚሸሸጉ የሁለቱ ብዥታ ይመሳሰላል። ኤፍ 2.8 ላይ ሲደርሱ ነው አሮጌው አምፖሎቹን ባለ አምስት ጎን የሚያደርጋቸው። የካኖን ኤፍ 1.4 ስምንት ምላጭ አለው።

በኒኮን በኩል አሮጌው 1.8 ዲ ሰባት ቀጥ ያሉ ምላጮች ሲኖሩት፣ 1.8 ጂ ሰባት የተጠጋጉ፣ 1.4 ጂ ዘጠኝ የተጠጋጉ አሉት። 1.8 ጂ አንድ ኳሳዊ ያልሆነ (ገጽታው እንደ ኳስ እኩል ያልተጠማዘዘ) መስታወት በውስጡ ይዟል፤ ይህ ምን እንደሚያመጣ አምፖሎቹ ላይ እናያለን። ዲ የሚለውን ሌንስ ርካሽ አግኝተው ከመደሰትዎ በፊት የራስዎን ካሜራ ይዩ፤ የኒኮን ትንንሾቹ ካሜራዎች፣ 3000 እና 5000 የሚባሉት ተርታ፣ የፎከስ ሞተር በውስጣቸው ስለሌለ ሌንሱን በእጅ ማዞር ግድ ይሆናል።

ከዚያ ደግሞ ሄሊዮስ አለ። የሶቪየት ኅብረት ሥራ ሲሆን ሃምሳ ሳይሆን 58 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 2 ነው። መነሻው የጀርመኑ የዛይስ ቢዮታር ነው። ኋላውን ክብ አዙሮ እንደ አዙሪት ያስመስለዋል። አንዳንዱ ይሞትለታል፤ አንዳንዱ ያቅለሸልሸዋል።

ሁሉንም በአንድ ካሜራ ቢሞክሩ ጥሩ ነው። የካኖንና የኒኮን ሌንስ በአንድ ካሜራ ላይ የሚገባው አስማሚ ቀለበት ካለ ብቻ ስለሆነ፣ ከሌለ በየካሜራው ያንሱ፤ የሴንሰሮቹ ስፋት ግን እኩል ይሁን።

ዝግጅት

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ብዙ አይደሉም፦ ትራይፖድ፣ የአናጺ ሜትር፣ ጠመኔ፣ አንድ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ፣ ለሠርግ አዳራሽና ለገና ዛፍ የሚሰቀለው ዓይነት ረድፍ ትንንሽ አምፖል። ሰው አያቁሙ። ሰው ይወዛወዛል፣ ይደክመዋል፣ ይስቃል። ጠርሙስ አይንቀሳቀስም፤ በላዩ ላይ ያለው ጽሑፍም ፎከሱ በትክክል መግባቱን ያሳይዎታል።

የእያንዳንዱን ሌንስ መስታወት ይጥረጉ፤ ከፊት የተገጠመ መከላከያ ፊልተር ካለ ያውልቁ። በመስታወቱ ላይ ያለ አቧራ በብርሃን ክቦች ውስጥ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣና ሌንሱ የማያውቀው ኃጢአት ይጫንበታል።

ካሜራውን ማኑዋል ያድርጉ። አይሶ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100። የቀለም ሚዛኑን አንድ ቦታ ላይ ይቆልፉት፤ አውቶ ከተዉት ለእያንዳንዱ ፎቶ የተለየ ቀለም ይሰጥና ብዥታውን ሳይሆን ቀለሙን ማወዳደር ይጀምራሉ። በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባላቀነባበረው ፋይል፣ ያንሱ። የጥግ ጨለማን በራሱ የሚያስተካክለውን የካሜራ ምርጫ ያጥፉ። መዝጊያውን ባለ ሁለት ሰከንድ መዘግየት ላይ ያድርጉት።

ፎከስ በስክሪኑ ላይ ምስሉን አጉልተው፣ በእጅ። የመስታወት መመልከቻ ባላቸው ካሜራዎች ላይ በመመልከቻው የሚያዩት ብዥታ ትክክለኛው አይደለም፤ የውስጡ ስክሪን ከኤፍ 2.8 በላይ የተከፈተን ቀዳዳ ስለማያሳይ ኤፍ 1.4 እና ኤፍ 2.8 ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ብዙ ሰው «ልዩነት የለውም» የሚለው በመመልከቻው ስላየ ነው።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። በሙሉ ፍሬም ካሜራ፣ አንድ ሜትር ላይ፣ በኤፍ 1.4 ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 3 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በኤፍ 1.8 አራት። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ዓይን ያለውን ርቀት ያስቡና አጥሩ ሥር ያነሳሁት የሙሽራው ዓይን ለምን ከፎከስ እንደወጣ ይረዱ።

አንደኛ ሙከራ፦ አምፖሎቹ

ይህን በግቢዎ ውስጥ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ይሥሩት። ጠርሙሱን ከካሜራው አንድ ሜትር ላይ ያቁሙ። አምፖሎቹን ከካሜራው አምስት ሜትር ላይ፣ ከፍሬሙ ጥግ እስከ ጥግ እንዲሞሉ አድርገው ይስቀሉ። የትራይፖዱን እግርና የጠርሙሱን ቦታ በጠመኔ ያክቡ። ጠርሙሱ ላይ ደካማ ብርሃን ይውደቅበት፤ የስልክ መብራት በነጭ ወረቀት ተሸፍኖ ይበቃል።

የመዝጊያውን ፍጥነት ከ1/50 ሰከንድ አያፍጥኑ። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር በሰከንድ 50 ዙር የሚሠራ በመሆኑ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች አብረውት ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ፍጥነቱ ከበዛ አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ሌላው ጨለማ ይሆናል። አምፖሎቹ ከልክ በላይ በርተው ነጭ ሰሌዳ እንዳይሆኑም ይጠንቀቁ። ይህን ብዙዎች ይስታሉ። ክቡ ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ በውስጡ ያለው ሁሉ ይሸፈናል፤ ማየት የፈለጉት ደግሞ ውስጡን ነው። ካስፈለገ አምፖሎቹን በቀጭን ነጭ ጨርቅ ይጋርዷቸው።

በእያንዳንዱ ሌንስ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻ ከፍተው፣ ከዚያ በኤፍ 2፣ በኤፍ 2.8 እና በኤፍ 4 ያንሱ። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ለመዝጊያው ረዘም ያለ ጊዜ ይስጡት፤ የፎቶዎቹ ብርሃን እኩል ይሁን። ሄሊዮስ ሲገጥሙ 58 ስለሆነ ጠርሙሱ ይተልቅብዎታል፤ ትራይፖዱን ትንሽ ወደ ኋላ አድርገው ጠርሙሱን በፍሬሙ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር እኩል ያድርጉት።

ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱ በመጀመሪያ በመሐል ያለ አንድ ክብ ያጉሉ። ጠርዙን ይዩ። ጠርዙ ከመሐሉ የደመቀ፣ እንደ ሳሙና አረፋ የተከበበ ከሆነ ያ ሌንስ በቅርንጫፍና በሣር ላይ ችግር እንደሚያመጣ አሁኑኑ ይጠብቁ። ጠርዙ እየደበዘዘ ከኋላው ጋር የሚቀልጥ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት።

ምክንያቱ ይህ ነው። በሌንሱ ዳር የሚያልፈው ብርሃንና በመሐሉ የሚያልፈው በትክክል በአንድ ነጥብ አይገናኙም። ሌንስ ሠሪው ይህን ጉድለት በጣም ካረመው ፎከስ የተደረገበት ነገር ይጠራል፤ ከኋላ ያሉት ክቦች ግን ጠርዛቸው ይደምቃል። ትንሽ ጉድለት ቢተውለት ከኋላው ይለሰልሳል፤ ከፊት ያለው ብዥታ ግን ይሻክራል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማግኘት ከባድ ነው፤ ለዚህም ነው በጣም ጥርት አድርጎ የሚያነሳ ሌንስ ሁልጊዜ በጣም ያማረ ብዥታ የማይሰጠው። በነገራችን ላይ የአብዛኞቹ ሃምሳዎች የመስታወት አደራደር ፓውል ሩዶልፍ በ1896 እ.ኤ.አ. ለዛይስ ከሠራው ፕላናር ከተባለው ሌንስ የሚወርድ ነው። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ የጠባያቸው ልዩነት እያንዳንዱ ሠሪ ምን ያህል አርሞ ምን ያህል እንደተወ ነው።

ቀጥሎ የክቡን ውስጥ ይመልከቱ። እንደተቆረጠ ሽንኩርት አንዱ በአንዱ ውስጥ የተደራረቡ ቀለበቶች ካዩ፣ በቅርጽ ማውጫ ተጭኖ የተሠራ ኳሳዊ ያልሆነ መስታወት ፊርማ ነው። በነጠላ አምፖል ላይ ይታያል፤ በዛፍ ቅጠል ላይ ግን አይታይም። ምሽት ላይ፣ በመብራት መካከል ብዙ የማይሠሩ ከሆነ በዚህ ምክንያት ሌንስ አይጣሉ።

ከዚያ ወደ ጥግ ይሂዱ። በመሐል ክብ የነበረው በጥግ ላይ ሁለት ጫፉ ሾሎ የዓይን ቅርጽ ይይዛል። ከጥግ የሚመጣውን ብርሃን የሌንሱ በርሜል ራሱ ስለሚከልለው ነው። እነዚህ ዓይኖች በመሐሉ ዙሪያ ሲደረደሩ ነው ኋላው የሚዞር የሚመስለው፤ ሄሊዮስን ዝነኛ ያደረገውም ይኸው ነው። ቀዳዳውን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ሲያጠብቡ ወደ ክብነቱ ይመለሳል፤ በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚመለስ ለእያንዳንዱ ሌንስ ይጻፉ። በኤፍ 2.8 ላይም ክቡ ስንት ጎን እንዳወጣ ይቁጠሩ፤ የምላጮቹን ቁጥር ያገኛሉ።

ሁለተኛ ሙከራ፦ ቅርንጫፍ

አምፖል ያምራል፤ ለሌንስ ግን ቀላል ፈተና ነው። ሌንስን የሚያጋልጠው ቅርንጫፍ ነው። በተለይ ሰማይ በመሐሉ ብልጭ ብልጭ የሚልበት ቀጫጭን ቅርንጫፍ፣ ደረቅ ሣር፣ የሽቦ አጥር።

ሐይቁ ዳር ከሚገኙት ትልልቅ ሾላዎችና ዋርካዎች አንዱን ይምረጡ። ጠርሙሱን ከካሜራው 1.5 ሜትር ላይ አድርገው፣ ቅርንጫፉ ከካሜራው 3 ሜትር ገደማ ላይ ይሁን። ሆን ብለው አያርቁት። በጣም ሩቅ ያለ ኋላ በማንኛውም ሌንስ ይቀልጣል፤ ሌንሶች የሚለያዩት ኋላው ገና በግማሽ ሲጠፋ ነው። እንደገና ቅርንጫፉን 6 ሜትር አድርገው ይድገሙት። ቀዳዳው እስከ መጨረሻ ተከፍቶና በኤፍ 2.8 ብቻ ቢያነሱ በቂ ነው።

አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ወደ ሁለት ትይዩ መስመሮች ከተከፈለ፣ በአምፖሉ ላይ ያዩት የደመቀ ጠርዝ ሥራ ነው። ዓይን የሚያደክመው ይህ ነው። እኔ አንድ ሌንስ በዚህ ሙከራ ላይ ብቻ ጥዬ ሌላውን ሁሉ ይቅር ልለው እችላለሁ፤ ምክንያቱም ሐዋሳ ውስጥ የማነሳው ሰው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከዛፍ ሥር ነው።

ይህን ሙከራ ስሠራ አንድ ጀልባ ቀዛፊ አጠገቤ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየኝ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ጠርሙሱ ያገባል እንዴ?» አለኝ። ይዘጋጁ፤ እርስዎንም ይጠይቅዎታል።

ሦስተኛ ሙከራ፦ ውሃው

ሐዋሳ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ስላለች ጀንበር የምትጠልቀው በውሃው ላይ ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ውሃው እንደ ተበተነ መስታወት ያበራል፤ እያንዳንዱ ማዕበል አንድ አምፖል ነው። ጠርሙሱን በሁለት ሜትር ላይ አድርገው ወደ ምዕራብ ያንሱ። በአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጠዋት የሚያነሱ ከሆነ ግን ፀሐይ ከኋላዎ ስለምትሆን ይህን ብልጭታ አያገኙትም፤ የዓሣ አጥማጆቹ መረብና የአባ ኮዳዎቹ ግርግር ይበቃዎታል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ። ፀሐይዋን በቀጥታ በመስታወት መመልከቻ አይመልከቱ፤ ዓይን ያጠፋል። ሁለተኛው የብርሃን ብዛት ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ በአይሶ 100፣ በኤፍ 1.8 ትክክለኛው የመዝጊያ ፍጥነት 1/8000 ገደማ ነው፤ ብዙ ካሜራዎች 1/4000 ላይ ያበቃሉ። ቀትር ላይ ሙከራው የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ወይ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ይጠብቁ፣ ወይ ጥቁር ፊልተር ያድርጉ፤ ያኔም ለሁሉም ሌንስ ያው ፊልተር ይሁን። መስታወት አልባ ካሜራ ያላችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን መጋረጃ በኤሌክትሮኒክስ የሚከፍተውን ምርጫ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ አጥፉት፤ ካልሆነ ክቦቹን በአንድ በኩል ይቆርጣቸውና ሌንሱ ይወቀሳል።

የፊቱና የቀለሙ

ሰው የሚረሳው የፊት ለፊቱን ብዥታ ነው። ጠርሙሱን ሁለት ሜትር ላይ ትተው አንድ የቅጠል ዘለላ ለካሜራው ቅርብ፣ በፍሬሙ ጠርዝ ላይ ያስገቡ። ከኋላ ያማረው ሌንስ ከፊት ሊሻክር እንደሚችል ከላይ ብያለሁ፤ እዚህ ያዩታል። በአበባ መሐል አድርገው ሙሽራ ማንሳት የሚወዱ ከሆነ ይህን ሙከራ አይዝለሉት።

ለቀለም ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ያንጠልጥሉና በጎን በኩል፣ ግማሹ ከፎከሱ ወደ ኋላ፣ ግማሹ ወደ ፊት እንዲሆን አድርገው ያንሱ። ከፎከሱ ኋላ ያለው የጥልፍ ጠርዝ አረንጓዴ፣ ፊት ያለው ሐምራዊ ቢመስል የተለያዩ ቀለማት በተለያየ ርቀት ስለሚሰበሰቡ ነው። ክፍት ቀዳዳ ባላቸው ሃምሳዎች ላይ የተለመደ ነው። በኤፍ 2.8 አካባቢ በጣም ይቀንሳል።

ስሙን ሳያዩ መፍረድ

ውድ ሌንስ ሁልጊዜ ያማረ ይመስላል፤ ዋጋውን ስለምናውቅ። ስለዚህ ፎቶዎቹን ለሌላ ሰው ይስጡና ስማቸውን በፊደል እንዲቀይርልዎ ያድርጉ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ። እኔ ይህን ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት፤ እሷም ስለ ሌንስ ምንም የማታውቅ ስለሆነች እንድትፈርድ ጭምር ጠየቅኋት። ሄሊዮስን ስታይ «አጎቴ፣ ይህን ሳይ ራሴን አዞረኝ» አለች። እኔ በልቤ አንደኛ ያልኩት እሱን ነበር። ደንበኞቼ ደግሞ እንደ እሷ እንጂ እንደ እኔ አያዩም።

በመጀመሪያ ፎቶውን በስልክ ስፋት ይዩት፤ ሰው የሚያየው በዚያ ነው። በዚያ ስፋት የማይታይ የሽንኩርት ቀለበት ሊያስጨንቅዎት አይገባም። በዚያ ስፋት ጭምር የሚታይ ሁለት ሁለት ቅርንጫፍ ግን እውነተኛ ጉድለት ነው። ስልኮች በሶፍትዌር የሚሠሩትን ብዥታ አብረው ቢያስቀምጡ አይከፋም፤ የተበተነ ጸጉርና የነጠላ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቆርጦ ይጥላልና ልዩነቱን ለደንበኛ ማሳያ ይሆናል።

የእኔ ፍርድ፣ ብዙ ምሽት ከፈጀ በኋላ፦ ቀን ላይ ዛፍ ሥር ለሚሠራ ሰው ሰባት የተጠጋጉ ምላጮች ያሉት ርካሹ ኤፍ 1.8፣ በኤፍ 2.2 ወይም 2.5 ላይ፣ ይበቃዋል፤ ሰውየውን ከዛፉ ማራቅ እስካልረሳ ድረስ። ኤፍ 1.4 ዋጋውን የሚያወጣው ቦታ ሲጠብና ብርሃን ሲያንስ ነው፤ በአዳራሽ ውስጥ፣ በጧፍ ብርሃን፣ ሰውን ከኋላው ማራቅ በማይቻልበት። ሄሊዮስን ለሠርግ ዋና ሥራ አልይዘውም፤ ለአንዲት ፎቶ፣ ባለጉዳዩ ከወደደው፣ ከቦርሳው ይወጣል።

ሲገዙ

ያገለገለ ሌንስ ከሆነ የሚያምሩ የናሙና ፎቶዎችን አይመኑ። የስልክዎን መብራት ከኋላ በኩል አብርተው በሌንሱ ውስጥ ይመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ይተዉት። ምላጮቹን ከፍተው እየዘጉ ይዩ፤ ዘይት የያዙ ከሆነ ይጎተታሉ፣ በሚያነሱበት ቅጽበትም ቀዳዳው በጊዜው አይጠብም። የፊት ቀለበቱ የተጎዳ ከሆነ ሌንሱ ወድቋል ማለት ነው፤ የወደቀ ሌንስ መስታወቱ ባይሰበርም መሐሉ ሊዛባ ይችላል። ይህን የሚያሳይዎ አምፖል ነው፦ በፍሬሙ ግራና ቀኝ ጥግ ያሉት ክቦች ቅርጻቸው እኩል መሆን አለበት፤ የአንዱ ጎን ከሌላው በግልጽ ከተለየ መስታወቱ ከቦታው ተንቀሳቅሷል። ስለዚህ ሊገዙ ሲሄዱ ካሜራዎን ብቻ ሳይሆን ረድፍ አምፖሉንም በኪስዎ ይያዙ፤ ሻጩ ይስቅብዎት ይሆናል፣ ሶኬት ግን አይከለክልዎትም።

ሄሊዮስን የመስታወት መመልከቻ ላለው የኒኮን ካሜራ የሚገዙ ከሆነ አስቀድመው ይወቁ፦ የሌንሱ መጋጠሚያ ከሴንሰሩ 45.46 ሚሊሜትር እንዲርቅ ሆኖ የተሠራ ሲሆን የኒኮን ደግሞ 46.5 ነው፤ ስለዚህ በተራ አስማሚ ቀለበት ቅርብ ያለ ፊት እንጂ ሩቅ ያለውን ታቦር ተራራ ፎከስ አያደርግም። የዚያው ዓይነት የካኖን ካሜራ 44 ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም።